በሬ ለሠርጉ፣ በግ ለባንኩ

የባንክ ሒሳብ መግለጫው ሰባት ገጽ ነው። ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ በቴሌግራም ላከችልኝና ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህ? ይህ ሁሉ አምስት አምስት ዶላር ምንድን ነው?»

ቆጠርኩት። አምስት ዶላር የሚል መስመር ሃያ አምስት ጊዜ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁጥር ተለጥፋለች፤ አንዱ ቦታ 2.38፣ አንዱ ቦታ 0.95፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ 14.29። እታለም ትልልቆቹን እያየች ትንንሾቹን አላስተዋለቻቸውም ነበር። ሁለት ምሽት ተቀምጬ ከደረሰኞቿ ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩት። ያገኘሁትንም የእሷንና የባንኳን ስም ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቀደችልኝ። ባንኩ የተለየ በደል ሠርቷል ለማለት አልችልም፤ የቆረጠው ሁሉ በታሪፉ ላይ የተጻፈ ነው። ነገሩን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ከመቶ ዘጠኝ እጁ እንዴት ሄደ?

እታለም የመጣችው ለታናሽ ወንድማችን ሠርግ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ገባች፣ ጥር 25 ተመለሰች፤ ሠርጉ ጥር 18 እሑድ ዋለ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የሠርግ ወር ደግሞ ገንዘብ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ወር ነው። ድንኳን አከራዩ፣ ጌሾና ብቅል ሻጯ፣ ወጥ ሠሪዎቹ፣ በሬ ነጋዴው፣ ሁሉም የሚከፈላቸው ዕለቱን ነው። እኛ እዚህ የምንኖረው አብዛኛውን በስልክ እናስተላልፋለን። እሷ የአገር ውስጥ የባንክ ሒሳብ የላትም፤ ያላት የአሜሪካ ባንኳ የሰጣት የቪዛ ካርድ ብቻ ነው። «ዶላር ይዤ ልምጣ ወይስ ካርዱ ይበቃል?» ብላ ከመነሣቷ በፊት ጠይቃኝ ነበር። «ምን አስጨነቀሽ፣ በየመንገዱ ማሽን አለልሽ» ያልኳት እኔው ነኝ፤ ይህንን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም።

ታሪፉን እንኳ አንብባዋለች። ከአገር ውጭ በሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ለማውጣት በአንድ ጊዜ 5 ዶላር፤ በተጨማሪም ከወጣው ገንዘብ 3 በመቶ። ቀሪ ሒሳብ ለማየት 2.50 ዶላር። እሷ ባለችበት አገር አምስት ዶላር የአንድ ቡና ዋጋ ነው፤ ለአንድ ወር ጉዞ ሦስት አራት ጊዜ ባወጣ ምን ይጎዳኛል ብላ አሰበች። ስሌቷ ልክ ነበር። ልክ ያልነበረው «ሦስት አራት ጊዜ» የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ገንዘብ የወጣው ግን አዲስ አበባ ሳትደርስ፣ በኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቀጣዩን በረራ ስትጠብቅ ረጅም ሰዓት ስለነበራት ከተማውን አየት አድርጋ ለመመለስ 3,000 ሊራ ፈለገች። የምስጢር ቁጥሯን አስገብታ መጠኑን ከመረጠች በኋላ ማሽኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ተጨማሪ ገጽ አሳያት። ከላይ በትልቁ 3,000 ሊራ፤ ከሥሩ 92.88 ዶላር፤ ከዚያ በደቃቁ የምንዛሪው ተመን፣ አንድ ዶላር በ32.30 ሊራ። ከታች ሁለት ቁልፎች አሉ፦ በአረንጓዴ «እቀበላለሁ»፣ በቀይ «አልቀበልም»። እታለም ቀዩን ስታየው ገንዘብ ማውጣቱ የሚሰረዝ መሰላት። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ የያዘ ሰው ይቁነጠነጣል። አረንጓዴውን ነካች።

ቀዩን ብትነካው ምንም አይሰረዝም ነበር። ማሽኑ ያንኑ 3,000 ሊራ ይሰጣታል፤ ለባንኳም የሚያስተላልፈው «3,000 ሊራ ከፍያለሁ» የሚል መልእክት ብቻ ይሆን ነበር። ሊራውን ወደ ዶላር የሚለውጠው ቪዛ ነው፤ የሚለውጠውም በዕለቱ በሚያወጣው ተመን ነው። በእነዚያ ቀናት ዶላር ከ35 ሊራ በላይ ነበር፤ በ35.50 ብናሰላው 84.51 ዶላር ይመጣል። አረንጓዴው ቁልፍ «የምንዛሪውን ሥራ ከቪዛ ወስዳችሁ ለማሽኑ ባለቤት ስጡ» ማለት ነበር፤ የማሽኑ ባለቤትም ለራሱ የሚመቸውን ተመን አወጣ። ልዩነቱ 8.37 ዶላር።

በዚህ አላበቃም። «በዶላር ስለተሰላ ባንኬ የውጭ አገር ክፍያ አይቆርጥብኝም» ብላ አስባ ነበር። ባንኳ ግን የሚያየው ማሽኑ የቆመበትን አገር ነው፤ ገንዘቡ በዶላር መጻፉ ከ3 በመቶው አያድንም። ስለዚህ ከ92.88ቱ ላይ 2.79 ተቆረጠ፤ አምስቱ ዶላርም እንዳለ አለ። 84.51 ዶላር የሚያወጣ ሊራ በ100.67 ዶላር ገዛች ማለት ነው። ከመቶ አሥራ ዘጠኝ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን ገጽ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 ደንብ አውጥቷል። ደንቡ በኅብረቱ ውስጥ ለሚደረግ ልወጣ ማሽኑ የሚጨምረውን ትርፍ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ካርድ ይዞ ኢስታንቡል ለቆመ ሰው ግን የማይደርስ ጥላ ነው። «ትርፋችን አሥር በመቶ ነው፤ ይቀበላሉ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብላት እታለም ሰልፉን ረስታ ታነብበው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ በሬው።

ጥር 15 ቀን ጠዋት አጎታችንን ይዘን ካራ የከብት ገበያ ወጣን። አጎታችን የበሬ ጥርስ ገልጦ፣ ሻኛውን ጨብጦ፣ ጎኑን በመዳፉ መትቶ የሚመርጥ ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ከተከራከረ በኋላ አንድ ዳለቻ በሬ በ110,000 ብር ተስማማ። እታለም በእጇ የነበረውን 10,000 ብር ቀብድ ሰጠችና ቀሪውን አውጥታ ለማምጣት ማሽን ወዳለበት ወረድን።

ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከ10,000 ብር በላይ አልሰጥም አለ። ስለዚህ አሥር ሺህ ታወጣለች፣ ካርዷን ትቀበላለች፣ መልሳ ታስገባለች፣ የምስጢር ቁጥሯን ትመታለች፣ ቋንቋ ትመርጣለች፣ እንደገና አሥር ሺህ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች በሦስተኛው ላይ ማጉረምረም ጀመሩ፤ በአራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ለሌላውም ተይለት» አሏት። ስድስት ጊዜ ወጣላት። ሰባተኛው ላይ ማሽኑ እምቢ አለ። ያኔ ምክንያቱን ማናችንም አላወቅንም፤ በኋላ ከመግለጫው ስናየው የባንኳ የዕለት ገደብ 500 ዶላር ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 476 ደርሰው ነበር። 60,000 ብር ይዘን ተመለስን። ነጋዴው ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ በሬውን አየት፣ እኛን አየት አድርጎ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ጋ ሲያድር ድርቆሹ በማን ሒሳብ ነው?» አለ። በማግስቱ አራት ጊዜ አውጥታ ጨረሰች።

እንግዲህ መግለጫው ላይ ያለውን እንመልከት። በዚያ ሰሞን ቪዛ ዶላሩን በአማካይ በ126 ብር ገደማ ለውጦላታል፤ የባንኮች የመግዣ ዋጋም በ125 አካባቢ ስለነበር በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። 10,000 ብር ማለት 79.37 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 5 ዶላር፣ እንዲሁም 3 በመቶው 2.38። ድምሩ 7.38፤ ከመቶ 9.3 መሆኑ ነው። ለበሬው አሥር ጊዜ ስላወጣች 73.80 ዶላር ለክፍያ ብቻ ሄደ፤ በብር 9,300። ያን ሰሞን በዚህ ገንዘብ ትንሽ በግ ይገዛ ነበር። እህቴ ለሠርጉ በሬ ስትገዛ ለባንኳ በግ ጎተተችለት ማለት ነው። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ሙክት ነበር ወይስ ጠቦት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ስለሆነ።

ማሽኑ ለምን 10,000 ላይ ቆመ? የኤቲኤም አፍ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው የኖት ብዛት የተወሰነ ነው። እታለም የተጠቀመችባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ሃምሳ ኖት ይሰጣሉ። ትልቁ ኖታችን ባለ 200 ብር ነው። ሃምሳ ጊዜ ሁለት መቶ፣ አሥር ሺህ። በእናታችን ቤት አጠገብ ያለው አንዱ ማሽን ደግሞ ከ4,000 ብር በላይ አይሰጥም፤ ሁለት ጊዜ ከእሱ አውጥታለች። 4,000 ብር 31.75 ዶላር ነው፤ ክፍያው 5.95። ከመቶ 18.7። ታሪፉ ላይ «3 በመቶ» የሚለውን ያነበበ ሰው 18.7 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ እንዴት ያስብ?

ባለ 200 ብሩ ኖት ይፋ የተደረገው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዶላር 36 ብር ተኩል ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ኖት ከአምስት ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ሃምሳው ኖት ደግሞ 270 ዶላር ያልፋል። ያን ጊዜ በ10,000 ብር ላይ የሚቆረጥ 5 ዶላር ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። እታለም ከዚህ በፊት የመጣችው በጥር 2015 ነው፤ ዶላር 53 ብር ከግማሽ አካባቢ፤ 10,000 ብር 187 ዶላር፤ አምስቱ ዶላር ከመቶ 2.7። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። በጥር 2017 ሃምሳው ኖት 79 ዶላር ብቻ ሆኖ ጠበቃት። አምስቱ ዶላር ከመቶ 6.3 ሆነ።

የሜሪላንዱ ባንክ በታሪፉ ላይ አንዲት ፊደል አልለወጠም። የአዲስ አበባው ባንክ ማሽኑ የሚሰጠውን የኖት ብዛት አልቀነሰም። የእህቴም ልማድ ያው ነው። የተለወጠው የብሩ ዋጋ ነው፤ ክፍያው ግን ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ። ተመኑ ሲለቀቅ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ብዙ ተብሏል፤ በውጭ ካርድ ላይ የተጣለው ቋሚ ክፍያ በዝምታ መክበዱን ያነሣ ሰው ግን አልገጠመኝም። ለነገሩ ማን ያነሣዋል? የሚከፍሉት በዓመት አንዴ ለሠርግና ለለቅሶ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ መግለጫው የሚደርሳቸውም ከተመለሱ በኋላ ነው።

ነገር ግን «ድሮ ርካሽ ነበር» ብዬ እንዳላሳስት። በ2015 ባንክ ዶላሩን በ53 ሲገዛ በጥቁር ገበያው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ዋጋ ነበረው። ካርዷን ማሽን ውስጥ የከተተችው እህቴ በእያንዳንዱ ዶላር ላይ በሕገ ወጡ ገበያ ከሚገኘው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ታጣ ነበር፤ ይህ ኪሳራ ግን በየትኛውም መግለጫ ላይ መስመር የለውም። ስለዚህ አላየችውም፤ ስላላየችውም አላመማትም። በጥር 2017 ግን ክፍተቱ በጣም ጠቦ ነበር። በጥሬው ሲታይ የ2017ቱ ጉዞዋ ከ2015ቱ እጅግ የተሻለ ነበር። የሰው ልጅ የሚቆጨው ግን የተጻፈውን ሲያይ ነው፤ እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና በተጻፈው ላይ እቀጥላለሁ።

ገንዘቡ የት ሄደ? አምስቱ ዶላር ሙሉ በሙሉ የባንኳ ነው። ከሦስቱ በመቶ አንዱ እጅ ገደማ ለቪዛ የሚከፈለውን የዓለም አቀፍ ግብይት ክፍያ ይሸፍናል፤ ቀሪው ያው ለባንኳ። የማሽኑ ባለቤት የሆነው የአዲስ አበባው ባንክ ደግሞ ለአገልግሎቱ ድርሻውን የሚያገኘው በቪዛ በኩል ከእሷ ባንክ ነው፤ በሱቅ ስንገዛ የነጋዴው ባንክ ካርድ ላወጣው ባንክ ይከፍላል፣ በኤቲኤም ላይ አካሄዱ ይገለበጣል። አንዳንድ አገር የማሽኑ ባለቤት ከዚህም በላይ ከደንበኛው በቀጥታ ይቆርጣል። በታይላንድ ለምሳሌ የአገሬው ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በውጭ ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ 150 ባት ሲያስከፍሉ ቆይተው በኋላ ወደ 220 አድርሰውታል። በእታለም ደረሰኞች ላይ እንዲህ ያለ መስመር አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ፣ 3 በመቶው እንዲህ ራሱን ችሎ በግልጽ መስመር መቀመጡም በነጻ የመጣ አይደለም። ቀደም ባሉት ዓመታት የልወጣው ክፍያ በምንዛሪው ተመን ውስጥ ተውጦ ስለሚቀርብ ካርድ ተጠቃሚው አያየውም ነበር። በአሜሪካ ደንበኞች በጋራ ከሰሱ፤ ቪዛ፣ ማስተርካርድና በርካታ ትልልቅ ባንኮች ጥፋት አለብን ብለው ሳያምኑ እ.ኤ.አ. በ2006 በ336 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ፈቀዱ። እታለም «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ብላ ለመጠየቅ የቻለችው መስመሩ ስላለ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ሠርጉ አልፎ፣ ቅልቅሉ አልፎ፣ የድንኳኑንና የወጥ ሠሪዎቹን ሒሳብ ለመዝጋት 60,000 ብር አስፈለገ። እታለም አንድ ቅርንጫፍ ደጃፍ ያለው ማሽን ላይ ስትታገል ኔትወርክ ተቋረጠባትና ለመጠየቅ ወደ ውስጥ ገባች። ገንዘብ ከፋይዋ ወጣት ልጅ ነች። «እማማ፣ ስንት ነው የሚፈልጉት?» አለቻት። እህቴ ለ«እማማ»ው ትንሽ ቅር ብሏት መጠኑን ነገረቻት። ልጅቷ ከመሳቢያዋ አጠገብ ያለውን የፖስ (የካርድ መክፈያ) ማሽን ወደ እሷ አዞረች። ፓስፖርቷን ጠየቀች፣ ካርዱን አስገባች፣ 60,000 ብር መታች፣ እህቴ የምስጢር ቁጥሯን አስገባች፣ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ሦስት መቶ ባለ ሁለት መቶ ኖት በቆጣሪው ማሽን ተርገፍግፎ በላስቲክ ታስሮ ወጣ። ጠቅላላው ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም።

በመግለጫው ላይ ያ ቀን ብቻውን ጎልቶ ይታያል፦ 476.19 ዶላር፣ አንድ 5 ዶላር፣ አንድ 14.29። ከመቶ አራት። ያንኑ ገንዘብ ከማሽኑ በስድስት ጊዜ ብታወጣው 44 ዶላር በሆነ፤ የከፈለችው ግን 19 ነው። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ከሁለት ሳምንት በፊት ብትገጥመን ኖሮ የበሬው በግ ግማሽ ያህሉ ይተርፍ ነበር። ግን ይህ በየባንኩና በየቅርንጫፉ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ሁለት ቅርንጫፍ ጠይቄ አንዱ «በውጭ ካርድ ከመስኮት አንከፍልም፣ ማሽኑን ተጠቀሙ» ብሎኛል። አሜሪካ ያለው ባንክም በመስኮት የሚወጣን ገንዘብ በሌላ ታሪፍ ሊያስከፍል ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የእታለም ባንክ እንደ ማሽኑ ቆጠረው፤ በዚህ እድለኛ ነች።

ኔትወርክ ሲቋረጥባት ግን ያ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም ጥር 14 ቀን ሌላ ማሽን ያንኑ አድርጓታል። የኋለኛው ሙከራ ያለ ጣጣ ወዲያው ተሰረዘ። የጥር 14ቱ ማሽን ግን ገንዘቡን የሚቆጥርበት ድምፅ አሰማ፣ ካርዷን መለሰላት፣ አፉን ሳይከፍት «አመሰግናለሁ» አለ። ብር አልወጣም። መግለጫው ላይ ግን 79.37፣ 5 እና 2.38 ተቀንሷል። ተደናግጣ ቀሪ ሒሳቧን ለማየት ሌላ ማሽን ላይ ሄደች፤ 2.50። ምሽት ላይ ተመልሶ ይሆን ብላ እንደገና፤ 2.50። በማግስቱ ጠዋት፤ 2.50። የባንኩን መተግበሪያ ስልኳ ላይ ከፍታ በነጻ ማየት ትችል ነበር፤ የአሜሪካ ስልኳ እዚህ ስለማይሠራና ማረጋገጫ ቁጥሩ ስለማይደርሳት መተግበሪያው አላስገባትም። ከመነሣት በፊት ይህንን ማስተካከል 7.50 ዶላር ብቻ ሳይሆን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያድን ነበር።

የማሽኑ ባለቤት የሆነው ቅርንጫፍ የሰጣት መልስ አጭር ነው፤ ካርዱ የእኛ ስላልሆነ ጥያቄውን ካርዱን ለሰጠሽ ባንክ አቅርቢ። ይህ ሽሽት መስሎኝ ተናድጄ ነበር፤ ትክክለኛው አሠራር ግን ይኸው ነው። የማሽኑ ባለቤት የዕለቱን ሒሳብ ሲያስታርቅ በሣጥኑ ውስጥ 10,000 ብር ተርፎ ያገኛል፤ የሚመልሰውም የካርዱ ባንክ በቪዛ በኩል ሲጠይቅ ነው። እታለም በዚያው ሳምንት ደውላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በደረሰኙ ላይ ያለውን የማሽን ቁጥር ነገረች። ደረሰኟን አለመጣሏ ጠቀማት።

በአሜሪካ ሕግ ለዚህ ግልጽ የጊዜ ሰሌዳ አለ። ደንበኛው ስሕተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከለት በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ባንኩ በአሥር የሥራ ቀን መርምሮ መልስ ይሰጣል፤ ካልቻለ ገንዘቡን ለጊዜው ወደ ሒሳቡ መልሶ ምርመራውን ይቀጥላል። አገር ውስጥ ለተፈጸመ ጉዳይ በአብዛኛው 45 ቀን፣ ከአገር ውጭ ለተፈጸመ እስከ 90 ቀን። የእታለም ገንዘብ ጥር መጨረሻ ላይ ለጊዜው ተመለሰ፤ መጋቢት ላይ ጸና። የተመለሰው ግን 79.37ቱና 2.38ቱ ነው። አምስቱ ዶላር ቀርቷል።

ሁሉንም ስደምረው እንዲህ ሆነ። ከአዲስ አበባ ማሽኖች በ22 ጊዜ 208,000 ብር ወጣ፤ 1,651 ዶላር ገደማ፤ ክፍያው 159.50። ከመስኮት 60,000 ብር፤ ክፍያው 19.30። ኢስታንቡል ላይ 16.16 ባከነ። ቀሪ ሒሳብ ለማየት 7.50። በጠቅላላው 202 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ግድም፤ በእጇ በገባው 2,211 ዶላር ላይ ከመቶ 9.2። ከዚህ ውስጥ አምስት አምስት ዶላሩ ብቻውን 120 ይደርሳል። አደገኛው ሦስት በመቶው አልነበረም።

«ታዲያ ምን ላድርግ ነበር?» አለችኝ በስልክ። ዶላር በእጅ ይዞ መጥቶ ባንክ ወይም የምንዛሪ ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ ፈቃድ ካገኙት የምንዛሪ ቢሮዎች በአንዱ መቀየር በዚያ ሰሞን በዶላር አንድ ብር ያህል ብቻ ያጎድላት ነበር፤ ለ1,651 ዶላር 13 ዶላር። ግን ሁለት ሺህ ዶላር ቦርሳ ውስጥ ይዞ በጥር ሰሞን በታክሲና በሠርግ ግርግር መንከራተት ሌላ ዋጋ አለው፤ እኔ አልመክርም፣ አጎታችን ይመክራል። ለበሬው ብቻ የሚሆነውን በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ ወደ እኔ ሒሳብ ብትልከው ኖሮ ክፍያው አንዴ ብቻ ይሆንና ነጋዴውም በዚያው ቀን በባንክ ይቀበለን ነበር፤ ሒሳብ አለኝ ብሎ ራሱ ነግሮን ነበር፣ አልሰማነውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካርዱን ራሱን መለወጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውጭ አገር ክፍያ የማይቆርጡ፣ የማሽን ክፍያንም የሚመልሱ ሒሳቦች አሉ፤ የቻርልስ ሽዋብ ባንክ የቼኪንግ ሒሳብ በዚህ ይታወቃል። ለአንድ ጉዞ ሲባል ሒሳብ መክፈት ያንገፈግፋል፤ በየሁለት ዓመቱ ለሚመጣ ሰው ግን በግ በየጉዞው ከማስረከብ ይቀላል።

ሚያዝያ ላይ ስለቀረው አምስት ዶላር ወደ ባንኳ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ወዲያውኑ መለሰላት። «ሃያ አራቱስ?» አለችው። ልጁ የታሪፉን ገጽና ተራ ቁጥር በትሕትና አነበበላት። ግንቦት ላይ አብዛኛውን ገንዘቧን ወደ ሌላ ተቋም አዛወረች። አሮጌውን ካርድ ግን አልሰረዘችውም፤ አዲሱን ማሽን ቢውጥባት ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።